ክንድ ለክቶ ኮከብ መሾም

ሰሞኑን በኤንቢኤ ድራፍት (የአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በየተራ በሚመርጡበት ዓመታዊ ሥነ ሥርዓት) ላይ ከሚቀርቡ ወጣቶች መካከል ልዕለ ኮከብ የሚሆነውን እንዴት መለየት እንደሚቻል የሚያስረዳ ሰፋ ያለ ጽሑፍ አነበብኩ። ጸሐፊው እንደለፉበት ያስታውቃል። ቅርጫት ኳስ ከውጤት ዜና አልፎ በአማርኛ በዚህ ጥልቀት ሲጻፍ ማየት ስለሚያስደስተኝ እስከ መጨረሻው አነበብኩት፤ ደገምኩትም። ነገር ግን የደረደሯቸው መመዘኛዎች አብዛኞቹ ስህተት፣ አንዱ ደግሞ የሚያስቆጣ ሆኖ ስላገኘሁት ዝም ማለት አልቻልኩም።

ላላነበቡት የጽሑፉ ክርክር ባጭሩ እንዲህ ነው። አንደኛ፣ ከሁሉ በፊት መታየት ያለበት አካል ነው፤ ቁመት፣ የተዘረጉ ክንዶች ርዝመት፣ ዝላይና ፍጥነት። ሁለተኛ፣ 20 ዓመት ያለፈው ወጣት ጣሪያው ስለታየ ልዕለ ኮከብ ይሆናል ተብሎ አይጠበቅም። ሦስተኛ፣ ውርወራ በልምምድ የሚመጣ ነገር ስለሆነ አለመቻሉ ሊያሳስብ አይገባም። አራተኛ፣ ከአፍሪካ የሚመጡ ረጃጅም ወጣቶች ገና ያልተሠሩ ስለሆኑ በአካላቸው ብቻ መመዘን አለባቸው። አምስተኛ፣ እንደ ኒኮላ ዮኪች ያሉት ከሕጉ ውጭ የሆኑ ልዩ አጋጣሚዎች ናቸው።

ከመጨረሻው ልነሳ። ልዩ አጋጣሚ የሚለው ቃል በሩ ላይ ቆሞ ማስረጃ ሁሉ እንዳይገባ የሚከለክል ዘበኛ ስለሆነ፣ እሱ ሳይነሳ ሌላውን መነጋገር አይቻልም። እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር (ከዚህ በኋላ የምጠቅሰው ዓመተ ምሕረት፣ ካልገለጽኩ በቀር፣ በዚሁ ነው) ከ2014 እስከ 2025 የኤንቢኤ የዓመቱ ኮከብ ተጫዋች ሽልማት 12 ጊዜ ተሰጥቷል። ከ12ቱ አንዱን እንኳ በድራፍቱ አንደኛ ሆኖ የተመረጠ ተጫዋች አልወሰደውም። ኬቨን ዱራንት ሁለተኛ ተመራጭ ነበር፤ ጄምስ ሃርደንና ጆኤል ኤምቢድ ሦስተኛ፣ ራስል ዌስትብሩክ አራተኛ፣ ስቴፈን ከሪ ሰባተኛ፣ ሼይ ጊልጀስ አሌክሳንደር 11ኛ፣ ያኒስ አንቴቶኩንምፖ 15ኛ፣ ዮኪች 41ኛ። ከሪና ያኒስ ሁለት ሁለት ጊዜ፣ ዮኪች ሦስት ጊዜ ስለተሸለሙ፣ ከ12ቱ ሽልማት ስምንቱ ሰባተኛና ከዚያ በታች ለተመረጡ ሰዎች ሄዷል ማለት ነው። ከ12 ስምንት የሆነ ነገር ልዩ አጋጣሚ አይባልም።

ጸሐፊው ለዚህ የሚሰጡትን መልስ እገምታለሁ። በአማካይ ሲታይ አንደኛው ተመራጭ ከ15ኛው ይሻላል ይላሉ፤ ትክክል ናቸው። ቲም ደንካን በ1997፣ ሌብሮን ጄምስ በ2003 አንደኛ ሲመረጡ የተጠራጠረ አልነበረም፤ ጥርጣሬም አያስፈልግም ነበር። ጥሩ ተጫዋች ለማግኘት ከፊት መምረጥ ይጠቅማል። የጽሑፉ ርዕስ ግን ስለ ጥሩ ተጫዋች አልነበረም። ርዕሱ ልዕለ ኮከብ ነው፤ በልዕለ ኮከብ ላይ ደግሞ የመልማዮች ዓይን ደጋግሞ ስቷል። መጠየቅ ያለብን ዓይናቸው ምን ላይ ተተክሎ እንደሳተ ነው።

ወደ አንደኛው ነጥብ እመለሳለሁ። አካል ዋጋ የለውም የሚል ሰው ቅርጫት ኳስ አያውቅም። ዮኪች ራሱ 2.11 ሜትር ነው። ጸሐፊው ደጋግመው የጠቀሱት ቪክቶር ዌምባንያማ 2.24 ሜትር ባይሆን ኖሮ ዛሬ የምናውቀው ዌምባንያማ አይሆንም ነበር። ነገር ግን በቁመት እሱን የሚያክሉ ሰዎች ከእሱ በፊት መጥተው ሄደዋል። ዌምባንያማን የለየው በዚያ ቁመት ኳስ እያነጠረ መጥቶ፣ ቆም ብሎ ከሩቅ መወርወሩ ነው። ይህን ደግሞ ሜትር አይለካውም።

በ2007 ከድራፍቱ በፊት በተደረገው የአካል ብቃት ፈተና ዱራንት 84 ኪሎ ግራም ገደማ የሆነውን ብረት በደረቱ አንድ ጊዜ እንኳ መግፋት አልቻለም። ያን ዓመት አንደኛ የተመረጠው ግሬግ ኦደን ነበር። ኦደን የተመረጠው በብረቱ ምክንያት አልነበረም፤ የጨዋታ ዘመኑን ያሳጠረውም የጉልበት ጉዳት ስለሆነ በእሱ ላይ አልፈርድም። ብረቱን ግን እናስታውሰው፤ ጡንቻን ይለካል እንጂ ዱራንት ከተከላካዩ እጅ በላይ ኳሱን እንዴት እንደሚለቅቅ አይለካም።

የዮኪች ታሪክ ከዚህ የበለጠ ያስተምራል። በ2014 ስሙ ሲጠራ ድራፍቱን የሚያስተላልፈው የቴሌቪዥን ጣቢያ ማስታወቂያ እያሳየ ነበር። ይህን ብዙ ሰው ያውቃል። ብዙም የማይነገረው ሌላው ነገር ነው፦ ዮኪችን የመረጠው ደንቨር በዚያው ምሽት፣ ዮኪች ይጫወትበት ከነበረው የባልካን አገሮች ሊግ ከአድሪያቲክ ሊግ፣ ቺካጎ በ16ኛ ደረጃ የመረጠውን ሌላ ረጅም ተጫዋች በልውውጥ ወስዷል፤ ዩሱፍ ኑርኪችን። ኑርኪች ጎበዝ ተጫዋች ነው፤ ሰፊና ጠንካራ ነው። ሁለቱን በአንድ ሊግ፣ በአንድ ዓመት፣ በአንድ ዓይን ያየው ቡድን እንኳ በ25 ደረጃ ቀድሞ የተመረጠውን ኑርኪችን አስቀደመ። ዮኪች ደግሞ ወዲያው ወደ አሜሪካ አልሄደም። ሰርቢያ ውስጥ አንድ ዓመት ቆይቶ የአድሪያቲክ ሊግ ኮከብ ተጫዋች ከሆነ በኋላ ነው ደንቨር የገባው።

መልማዮቹ ያዩት ምንድን ነው? ከመሬት ብዙ የማይነሳ፣ ወፈር ያለ፣ የማይሮጥ ልጅ። ያዩት ሁሉ እውነት ነበር። ዮኪች ዛሬም አይዘልም። ጨዋታውን አቀዝቅዛችሁ እዩት፦ ኳሱ ገና በአየር ላይ ሳለ፣ ሌሎቹ ለመዝለል ጉልበታቸውን ሲያጥፉ፣ እሱ ግማሽ እርምጃ ወደ ጎን ይሄድና ጀርባውን ለተቃራኒው ሰጥቶ ይቆማል። ኳሱ እሱ ዘንድ ይወርዳል። ከያዘው በኋላ የሚያስብ አይመስልም፤ ማን ነጻ እንደሆነ ሳይዘው አይቷልና ከመሬት ሳይነሳ ወርውሮ ከሜዳው ማዶ ያደርሰዋል።

ሜትሩ ለወጣቱ ምን እንደተሰጠው ይነግረናል፤ ያልተሰጠውን በምን እንደተካው ግን አይነግረንም። ልዕለ ኮከብነት የሚገኘው እዚህ ሁለተኛው ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ከሪ አጭርና ቀጭን ነበር። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለ ኳሱን ከወገቡ አካባቢ እያነሳ ስለሚወረውር የሚረዝሙት ልጆች ይጋርዱበት ነበር። አባቱ ዴል ከሪ ራሳቸው የኤንቢኤ ተጫዋች ነበሩና በአንድ ክረምት አወራወሩን ከመሠረቱ አፍርሰው እንደገና ሠሩት። ልጁ ለሳምንታት ከቅርጫቱ ጥቂት ራቅ ሲል ኳሱን ማድረስ አቅቶት ነበር። ያንን ክረምት የሚያውቅ መልማይ በ2009 የከሪን ቁመት እያየ አይጨነቅም ነበር። ሚኒሶታ በዚያ ድራፍት አምስተኛውንና ስድስተኛውን ምርጫ በእጁ ይዞ ሁለቱንም በሌሎች ኳስ አቀባይ ተጫዋቾች ላይ አዋለ፤ ሰባተኛው ላይ ከሪ ለጎልደን ስቴት ቀረ።

ሉካ ዶንቺች ደግሞ የጸሐፊውን አንደኛና ሁለተኛ መመዘኛ እርስ በርስ ያጋጫል። በ2018 ለድራፍት ሲቀርብ 19 ዓመቱ ነበር፤ በዚያ ዕድሜ ከሪያል ማድሪድ ጋር የአውሮፓ ሊግን ዋንጫ አንስቶ የሊጉ ኮከብ ተጫዋች ተብሏል። በዕድሜው መመዘኛ ከሄድን ከማንም መቅደም ነበረበት። በአካሉ መመዘኛ ከሄድን ዘገምተኛ ነው፤ ስለ እሱ በወቅቱ ይነሳ የነበረው ሥጋትም ይኸው ነበር። ፊኒክስና ሳክራሜንቶ አካሉን አስቀደሙና ሁለት ረጃጅም ወጣቶችን ወሰዱ። ሦስተኛ ሆኖ የመረጠው አትላንታም ለዳላስ አሳልፎ ሰጠው። ጸሐፊው በዚያ ምሽት ሳክራሜንቶ ቢሆኑ ኖሮ ከሁለቱ መመዘኛዎቻቸው የትኛውን ይከተሉ ነበር? ጽሑፋቸው ለዚህ መልስ የለውም። ዶንቺች ዘገምተኛነቱን በማቆም ተክቶታል፤ ፈጥኖ ከሚሄደው በላይ ድንገት ስለሚቆም፣ የሚከላከለው ሰው ራሱ እየሮጠ ያልፈዋል።

ሁለተኛውን ነጥብ ብዙ አልቆይበትም። ሁለት ወጣቶች እኩል ቢጫወቱና አንዱ 19፣ ሌላው 22 ዓመት ቢሆናቸው የ19 ዓመቱን መምረጥ ተገቢ ነው። ከዚህ ተነስቶ 20 ያለፈው ጣሪያው ታይቷል ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። ከሪ ሲመረጥ 21 ነበር። ዲዌን ዌድ 21፣ ዴሚያን ሊላርድ 21፣ ጂሚ በትለር 21። አራት ዓመት ኮሌጅ ቆይቶ የወጣው ደንካንም 21 ነበር። የደንካን ነገር በተለይ ይታይ፤ ቨርጂን ደሴቶች ላይ ዋናተኛ ሆኖ ነው ያደገው፤ በ1989 ከባድ ማዕበል የመዋኛ ገንዳውን ካፈረሰበት በኋላ ነው ወደ ቅርጫት ኳስ የዞረው። ስለዚህ ሊቆጠር የሚገባው ከልደት የጀመረው ዕድሜ ብቻ አይደለም፤ ኳስ ከያዘ ስንት ዓመት ሆነው የሚለውም ነው። በአራተኛው ነጥብ ላይ ወደዚህ እመለሳለሁ።

ሦስተኛው፣ ውርወራ በልምምድ ይመጣል የሚለው፣ ግማሹ እውነት ነው። ካዋይ ሌናርድ ኮሌጅ ሳለ ከባለ ሦስት ነጥብ ውርወራው የሚሳካለት ከ30 በመቶ በታች ነበር፤ ኤንቢኤ በገባበት ዓመት ከ37 በመቶ በላይ አደረሰው። ጸሐፊው ይህን ጠቅሰዋል፤ ግን የቅጣት ውርወራውን አላዩለትም። ሌናርድ ኮሌጅ እያለም ከአራት የቅጣት ውርወራ ሦስቱን ያህል ያስገባ ነበር፤ እጁ ደህና ነበረ ማለት ነው። የማርኬል ፈልትዝን ደግሞ እዩ። ባለ ሦስት ነጥብ ውርወራው 41 በመቶ ስለነበር ሁሉም ጥሩ ወርዋሪ ነው አለ፤ ማንም ሳይከለክለው ቆሞ የሚወረውረው የቅጣት ውርወራ ግን 65 በመቶ ገደማ ነበር። ፊላደልፊያ በ2017 ሦስተኛውን ምርጫውንና ተጨማሪ የመጀመሪያ ዙር ምርጫ ለቦስተን ሰጥቶ እሱን ለማምጣት ወደ አንደኛ ወጣ። ቦስተን በሦስተኛው ጄሰን ቴተምን ወሰደ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዲሉ። ፈልትዝ በኋላ የትከሻና የነርቭ ችግር እንዳለበት በሐኪሞች ተረጋግጧል፤ ስለዚህ ጥፋቱን ሁሉ በእጁ ላይ መጫን ግፍ ነው። ግን ጠቋሚ ምልክቱ ከምርጫው በፊት ወረቀቱ ላይ ነበረ።

በዚህ ነጥብ ላይ ከሁሉ በላይ የሚከነክነኝ ቤን ሲመንስ ነው። በ2016 አንደኛ የተመረጠ፣ 2.08 ሜትር፣ ፈጣን፣ ሜዳውን እንደ ትንሽ ተጫዋች የሚያይ። እኔም አምኜበት ነበር። ውርወራው ይመጣል አልን፤ አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት፣ አራት ዓመት አለፈ።

ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ሌሊት፣ አገራዊው ምርጫ በሚካሄድበት ዕለት ሳይነጋ፣ እንቅልፍ ስላልያዘኝ ፊላደልፊያ ከአትላንታ የሚያደርገውን ሰባተኛና ወሳኝ ጨዋታ አዲስ አበባ ሆኜ እያየሁ ነበር። ውጭው ገና ጨለማ ነው፤ ትንሽ ቆይቶ ሰዎች ድምፅ ለመስጠት ሲወጡ የበር ድምፅ ይሰማ ጀመር። ጨዋታው ሊያልቅ ሦስት ደቂቃ ተኩል ገደማ ቀርቶት አትላንታ በሁለት ነጥብ ይመራል። ሲመንስ ከቅርጫቱ አጠገብ ኳሱን ተቀበለ፤ ጀርባውን አዙሮ ተከላካዩን አለፈው። ከፊቱ የቀረው ትሬ ያንግ ብቻ ነው፤ ከእሱ ከ20 ሴንቲ ሜትር በላይ የሚያጥር ሰው። እጁን ወደ ላይ ቢያነሳ ይበቃው ነበር። ኳሱን ለማቲስ ታይቡል አቀበለ። ታይቡል ተመታ፤ ከሁለት የቅጣት ውርወራ አንዱን አገባ። አትላንታ 103 ለ96 አሸነፈ።

ያን ቅብብል ያመጣው ፍርሃት እንደሆነ ቁጥሩ ይናገራል። ሲመንስ በዚያ የማጣሪያ ውድድር ከ73 የቅጣት ውርወራ ያገባው 25ቱን ብቻ ነበር። ዳንክ አደርጋለሁ (ኳሱን ከላይ ቅርጫቱ ውስጥ እከታለሁ) ቢል ይመቱታል፤ ቢመቱት መወርወር ሊኖርበት ነው። ስለዚህ ውርወራ አለመቻል አንዲት የጎደለች ችሎታ ሆና አልቀረችም፤ ያለውን ቁመትና ፍጥነት ሁሉ በላችበት። ከዚያ ሌሊት በኋላ ለፊላደልፊያ አልተጫወተም። ውርወራ ይመጣል ብሎ በአካል ላይ ብቻ መወራረድ፣ ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ማለት የሚሆነው እንዲህ ነው። ለእኔም ትምህርት ሆኖኛል፤ ሜዳ ማየትም ለብቻው አይበቃም። ልጁ ጉድለቱን ፊት ለፊት ሲገጥመው ምን ያደርጋል? ድራፍት ላይ የሚቀርብን ወጣት ማየት ያለብን በተሸነፈባቸው ጨዋታዎች ነው፤ የተመረጡት ማራኪ ቅጂዎች ይህን አያሳዩም።

አሁን ወደ አራተኛው። ከአፍሪካ የሚመጡ ወጣቶች በአካላቸው ብቻ ይመዘኑ የሚለውን ሳነብ ንዴት እንደያዘኝ አልደብቅም። ይህ አነጋገር እኛ ላይ ሲነገር የኖረ ነው። የሩጫ ድላችን ሲወራ ከፍታው፣ ሳንባው፣ ቀጭን እግሩ ይወራል። ኃይሌ ገብረሥላሴ ሲድኒ ላይ ፖል ቴርጋትን በመቶኛ ሴኮንድ ዘጠኝ ብቻ ቀድሞ ሲገባ ያሸነፈው በሳንባ ብቻ ነበር? ቴርጋትም እኮ ከፍታ ላይ ያደገ ኬንያዊ ነው። የመጨረሻውን ዙር መቼ እንደሚነካ፣ እስከ መቼ ከኋላ እንደሚቆይ የወሰነው ጭንቅላቱ ነው። ይህን የሚያውቅ አማርኛ ጸሐፊ በታንዛኒያዊ ወይም በካሜሩናዊ ልጅ ላይ ያንኑ ሚዛን ሲያነሳ ያሳዝናል።

ሚዛኑ ሲሠራበትም ያደረሰውን እንይ። ሃሺም ታቢት ከዳሬሰላም ተነስቶ በ2009 ሁለተኛ ተመረጠ፤ 2.21 ሜትር። ከሃርደንና ከከሪ በፊት ማለት ነው። በመጀመሪያው ዓመቱ ወደ ታችኛው ሊግ ተላከ፤ እስከዚያ ጊዜ ድረስ በዚያ ደረጃ ተመርጦ ወደዚያ የወረደ አልነበረም። ልጁ ስንፍና ስለነበረበት አይደለም። ቁመቱን ብቻ አይተው ሁለተኛ ላይ ሰቀሉት፤ የጠበቁትን ነገር ሲያጡበት ተውት። በአካል ብቻ የመመዘን ዕዳ የወደቀው በእሱ ትከሻ ላይ ነው።

ሃኪም ኦላጁዋን ከሌጎስ የመጣው በቁመቱ ብቻ አልነበረም። እግር ኳስና የእጅ ኳስ ሲጫወት አድጎ፣ ቅርጫት ኳስ የጀመረው በአሥራዎቹ አጋማሽ ካለፈ በኋላ ነው። ተከላካዮችን ያጃጃለው የእግሩ አጣጣል ከእነዚያ ሜዳዎች የመጣ ነው። በ1994 የዓመቱ ኮከብ ተጫዋች ሆነ፤ በ1994ና በ1995 ሂዩስተንን ለዋንጫ አበቃ። ኤምቢድ ያውንዴ ውስጥ ቅርጫት ኳስ ሲጀምር 15 ዓመቱ ነበር፤ የተማረውም የኦላጁዋንን እንቅስቃሴ በቪዲዮ እያየ ነው። ከያውንዴ ሜዳ እስከ 2014 ድራፍት ያለው ጊዜ ጥቂት ዓመት ብቻ ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ከዜሮ ተነስቶ የት እንደደረሰ የሚያይ ሰው ቁመቱን መለካት ሁለተኛ ነገር ይሆንበታል። የመማር ፍጥነት ማለት ይህ ነው፤ በቅርጫት ኳስ ዘግይቶ በጀመረ አፍሪካዊ ልጅ ላይ ደግሞ ከሌላው ይልቅ ጎልቶ ይታያል። ጸሐፊው ገና ያልተሠሩ ያሏቸው ልጆች፣ በትክክል ካየናቸው፣ ስለ ራሳቸው ከማንም የበለጠ ማስረጃ ይሰጣሉ።

ፓስካል ሲያካም ካሜሩን ውስጥ ካህን እንዲሆን አባቱ ያስገቡት የሴሚናሪ ተማሪ ነበር። በ2012 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በተዘጋጀ የወጣቶች ሥልጠና ላይ ታየ፤ አሜሪካ ሄዶ ተማረ፤ በ2016 ቶሮንቶ በ27ኛ ደረጃ ወሰደው። 22 ዓመቱ ነበር፤ በጽሑፉ መመዘኛ ጣሪያው የታየ። በ2019 የፍጻሜው የመጀመሪያ ጨዋታ ላይ ከ17 ውርወራ 14ቱን አግብቶ 32 ነጥብ አስቆጠረ። በዚያ ምሽት እየተሽከረከረ ደጋግሞ ያለፈው ተከላካይ ድሬይመንድ ግሪን ነው፤ የዘመኑ ምርጥ ተከላካዮች ከሚባሉት አንዱ፣ እሱም በ22 ዓመቱ፣ ለቦታው አጭር ነው ተብሎ፣ 35ኛ የተመረጠ።